በ3 ቀን ፐብሊሽ እናደርጋለን ለሚሏችሁ ብርም ፔፐርም እንዳትልኩ

ሰላም ወገን፣ በተለይ ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ያላችሁ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ፕሮሞሽን ደርሶ ፔፐር የጎደላችሁ መምህራንም ጭምር፣ እባካችሁ ይሄን ሳትጨርሱት እንዳታልፉ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "በ3 ቀን ፐብሊሽ፣ ስኮፐስ ኢንዴክስድ፣ አክሰፕታንስ ጋራንቲድ" የሚል ማስታወቂያ በየግሩፑ እየተለጠፈ ነው (ስኮፐስ ማለት የተመረጡ ጆርናሎች የሚመዘገቡበት አለማቀፍ ዝርዝር ነው)፣ ከስሩ የቴሌብር ቁጥር አለው፣ አንዳንዱማ ለተማሪ ቅናሽ አለን ይላል። ብር እንዳትልኩ። ፔፐራችሁንም እንዳትልኩ፣ እንዲያውም እኔ ከብሩ ይልቅ የምሰጋላችሁ ለፔፐሩ ነው።

አንድ ወዳጄ አለ፣ እዚሁ ጎጃም የሚያስተምር ልጅ፣ ቴሲሱን የሰራው የአፈር አሲዳማነት ላይ ነው። ለጎጃም ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ኖራ ካልተጨመረበት ገብሱም ስንዴውም እንደነገሩ የሚሆንበት ማሳ የያዘው ገበሬ ስንት ነው። ልጁ ክረምቱን ሙሉ በዛ ጭቃ እየዞረ አፈር ሲሰበስብ፣ ሲመሽበት ገበሬ ቤት ሲያድር፣ ከዛ ደግሞ ላብራቶሪ ተራ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ዲፌንሱ ላይ አመሰገኑት። ከዛ ፕሮሞሽን ሲመጣ ቶሎ ይውጣልኝ ብሎ ለእንደዚህ አይነቱ ደላላ ሰጠው። ሳምንት ሳይሞላ አክሰፕታንስ ሌተር መጣ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ጌጥ ያለበት ሰርተፊኬት ሁሉ ላኩለት። የሪቪወር (የገምጋሚ) ኮሜንት የተባለው "ጥሩ ስራ ነው፣ ግራመር ይታይ" የምትል አንዲት መስመር ናት፣ በቃ።

የወጣውን ፒዲኤፍ አብረን ከፍተን ስናየው ሰንጠረዡ ላይ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) 5.2 የነበረው ነጥቧ ጠፍታ 52 ሆኗል። ወደታች ስንወርድ 49፣ 51፣ 53 እያለ ይሄዳል። ፒኤች እኮ ከ0 እስከ 14 ነው የሚለካው፣ ይሄን የሃይስኩል ተማሪ ያውቀዋል። አንድ ሰው ያቺን ሰንጠረዥ አንዴ በአይኑ ገረፍ ቢያደርጋት አያልፋትም ነበር። ማንም አላያትም። ኤዲተር የለም፣ ሪቪወር የለም፣ ፋይሉን ተቀብሎ ዌብሳይት ላይ የሚጭን ሰው ብቻ ነው ያለው።

አርሙልኝ ብሎ ጻፈ፣ እርማት በዶላር ነው አሉት። እንግዲያው አንሱልኝ አለ፣ የማንሻው ክፍያ ከማውጫው በለጠ። አሁን ያ ጽሁፍ ከነ52ቱ በስሙ ጎግል ላይ ተቀምጧል፣ ሌላ ደህና ጆርናል ልኮ እንዳያሳትመው ደግሞ አንዴ የታተመን ስራ እንደ አዲስ ማሳተም ራሱ ጥፋት ነው፣ ለፕሮሞሽንም አልተቆጠረለትም። ብሩ ቢሄድ ይሂድ እንላለን፣ ያ ሁሉ የክረምት ድካምና ገበሬዎቹ የሰጡት ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ። እውነተኛው ቁጥር ቢወጣ ኖሮ ለግብርና ባለሙያው፣ ለገበሬው የሚጠቅም ነገር ነበር እኮ።

ሰው የሚከፍለው ለማሳተም ይመስለዋል፣ በደህና ጆርናል ግን ዋናው ስራ ከመታተሙ በፊት ያለው ነው። ኤዲተር ማለት ሃላፊነት ያለበት ሰው ነው፣ ጽሁፉን ራሱ ያነባል፣ ዘርፉን ለሚያውቁና ከጸሃፊው ጋር ንክኪ ለሌላቸው ሪቪወሮች ይልካል፣ በእጁ ያለውን ያልታተመ ዳታ ለራሱ ስራ አይጠቀምም፣ ለሌላም አያሳይም፣ ጸሃፊው ዘመዱ ወይ የስራ ባልደረባው ከሆነ ለሌላ ኤዲተር ያስተላልፋል፣ የሚወስነው በስራው ጥራት እንጂ ማን ከፈለ ብሎ አይደለም። ከታተመ በኋላም አያበቃለትም፣ ስህተት ከተገኘ እርማት ያወጣል፣ ከባድ ከሆነ ሪትራክት ያደርጋል፣ ማለትም ጽሁፉን በይፋ ይሽረዋል፣ በጆርናሉ በራሱ ለተፈጠረ ስህተት ደግሞ ጸሃፊውን ገንዘብ መጠየቅ ምን የሚሉት ነገር ነው። ይሄ የኔ ምኞት አይደለም፣ እኤአ በ1997 እንግሊዝ ውስጥ በህክምና ጆርናል ኤዲተሮች የተቋቋመው ኮፕ የሚባለው የህትመት ስነምግባር ኮሚቴ ለአባል ጆርናሎች በዝርዝር ያወጣው አሰራር ነው።

ስለዚህ ደህና ኤዲተር ይጨቀጭቃችኋል። የኤቲክስ ክሊራንሱ የታለ፣ ለጥናቱ ገንዘብ ማን ሰጠ፣ ዳታው ቢጠየቅ ማሳየት ይቻላል ወይ፣ ሌላ ጆርናል ጋ ልካችሁታል ወይ፣ እያንዳንዱ ኦተር ምን ምን ሰራ፣ ይሄን ሁሉ ይጠይቃል። ሪቪወሩም አንጀት የሚያሳርር ኮሜንት ይልካል፣ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዛ ሁሉ በኋላ ሪጀክት ይመጣል። ምንም ያልጠየቃችሁ፣ ከአካውንት ቁጥር በስተቀር ምንም ያልላከላችሁ ሰው ግን ኤዲተር አይደለም። በሬ ስንገዛ እንኳ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፣ የራሳችንን ጥናት ሳያይ የሚቀበለንን ሰው እንዴት እናምናለን?

የውጪ ነው፣ ስሙ ኢንተርናሽናል ጆርናል ይላል ብላችሁ እንዳትታለሉ። እኤአ በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የካንሰር መድሃኒት ጽሁፍ ፈጥሮ ለ304 ኦፕን አክሰስ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ላከ፣ ኦተሮቹም ተቋማቱም የፈጠራ ነበሩ፣ አንዱ ተቋም እንዲያውም አስመራ ነው ተብሎ የተጻፈ ነው። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱን ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣው። ከ4 አመት በኋላ ደግሞ የፖላንድ ተመራማሪዎች በአለም ላይ የሌለች ሴት ሲቪ ሰርተው ኤዲተር ልሁን ብላ ለ360 ጆርናሎች እንድታመለክት አደረጉ፣ 48ቱ ተቀበሏት፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ኤዲተር ኢን ቺፍ አድርገው ሾሟት። እንግዲህ እናንተን ጽሁፌን ያየልኝ ፕሮፌሰር ነው የሚያስብሏችሁ እንዲህ አይነቶቹ ናቸው። ህንድ ላይ የተቋቋመው ኦሚክስ የሚባለው አሳታሚም በአሜሪካ ፍርድ ቤት እኤአ በ2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበታል፣ ከክሱ ውስጥ አንዱ ክፍያውን ጽሁፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብቻ እየተናገረ፣ ጸሃፊው አንሱልኝ ሲል እምቢ ይላል የሚል ነው፣ ልክ በወዳጄ ላይ እንደደረሰው ማለት ነው።

ሁለተኛው ንግድ ይብሳል፣ እሱም የኦተርነት ቦታ መሸጥ ነው። "ያለቀ ፔፐር አለን፣ ፈርስት ኦተር ይህን ያህል፣ ሰከንድ ይህን ያህል" እያሉ ርእሱን ይለጥፋሉ፣ እናንተ ስማችሁንና ዩኒቨርሲቲያችሁን መላክ ብቻ ነው። ቀላል ትርፍ ይመስላል ግን ስማችሁን ስታስገቡ ለዳታው ፈረማችሁ ማለት ነው፣ ያላያችሁት ዳታ፣ ምናልባትም የተፈጠረ። የህክምና ጆርናል ኤዲተሮች አለማቀፍ ኮሚቴ ኦተር ለመባል 4 ነገር ይጠይቃል፣ በጥናቱ ሃሳብ ወይ ዳታ ወይ ትንተና ላይ ቁም ነገር ያለው ስራ መስራት፣ ጽሁፉን መጻፍ ወይ በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅ፣ እና በኋላ ጥያቄ ሲነሳ መልስ ለመስጠት ሃላፊነት መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ መክፈል ከአራቱ ውስጥ የለም፣ የዲፓርትመንት ሃላፊ መሆንም የለም። ይሄን የምለው እኛ ጋ ይሉኝታው ከባድ ስለሆነ ነው፣ ዶክተር እገሌን እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ግን በደንብ ያማከረ አድቫይዘር የሚገባውን ያግኝ፣ ያልሰራ ሰው ደግሞ ምስጋና ክፍል ውስጥ ይግባ፣ ነውር የለውም። የተገዛ ስም ሲነቃበት የሚሆነውን አይተናል፣ ሂንዳዊ ይባል የነበረው አሳታሚ እኤአ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሁፎችን ሪትራክት አድርጓል፣ ከያንዳንዱ ርእስ ጎን ሪትራክትድ የሚል ተጽፎ የኦተሮቹ ስም እዛው ነው ያለው።

ሳትከፍሉ በፊት የምታዩት ነገር፦ ስኮፐስ ውስጥ አለን ካሉ የስኮፐስ የጆርናል ዝርዝር በነጻ ይፈለጋል፣ እዛ ግቡና በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ ፈልጉት፣ እነሱ የላኩትን ስክሪንሾት አትመኑ። ስሙ ቢገኝም አታቁሙ፣ የእውነተኛ ጆርናል ስምና ቁጥር ሰርቀው የውሸት ዌብሳይት የሚከፍቱ አሉና ሊንኩን ከስኮፐስም ከአሳታሚውም ገጽ ጋር አስተያዩት። አይኤስኤስኤን ያለው ሁሉ ደህና አይደለም፣ እሱ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሁፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) ካሉም ክላሪቬት የሚባለው ድርጅት ያወጣው እንደሆነ ጠይቁ፣ "ግሎባል" ምናምን የሚል ሌላ ስም ከሆነ ተዉት። ኤዲተር ተብሎ ስሙ ለተለጠፈ ሰው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጻፉለት፣ ስማቸው ሳያውቁት የተለጠፈ ብዙ ሰዎች አሉ።

የሚያስከፍል ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ደህና ኦፕን አክሰስ ጆርናሎችም ያስከፍላሉ፣ ግን ዋጋው ዌብሳይታቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ በግል ቴሌብርም አይቀበሉም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አገሮችን በሚያግዘው ፕሮግራም የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ናት፣ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች በዚሁ መሰረት ለኛ ጸሃፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ ሰብሚት ከማድረጋችሁ በፊት የዌቨር ገጻቸውን አንብባችሁ ጠይቁ። የአገር ውስጦቹንም አትናቁ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናል አለ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ዌብሳይት ላይ ይገኛል፣ የአፈርና የሰብል ጥናት ደግሞ እዚሁ ቢወጣ የሚያነበው ሰው ይበዛል።

እዚህ ጋ ለሃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል፣ ፔፐር እየቆጠራችሁ አንድም ገጽ ሳታነቡ ፕሮሞሽን እስከሰጣችሁ ድረስ ይሄ ደላላ ገበያ አያጣም። ከፔፐሩ ሁለት ሰንጠረዥ አስነብባችሁ ጠይቁ፣ ያልሰራው ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ፣ ብር ካልከፈላችሁ አትክፈሉ፣ ኮፒራይት ፎርሙንም አትፈርሙ። ጽሁፌን ዊዝድሮው አድርጌያለሁ ብላችሁ ሁሉም ኦተሮች ተስማምታችሁ በኢሜይል ጻፉ፣ ባይመልሱላችሁም የላካችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይል አስቀምጡ፣ የቴሌግራም ቻቱንና የቴሌብር ደረሰኙን አታጥፉ። "ለዩኒቨርሲቲህ እንነግራለን" ብለው ቢያስፈራሩ ቀድማችሁ ለአድቫይዘራችሁ ንገሩ። በኋላ ደህና ጆርናል ስትልኩ ደግሞ ከቨር ሌተሩ ላይ የሆነውን እንዳለ ጻፉለት፣ መቼ እንደላካችሁ፣ መቼ እንዳነሳችሁ፣ ኢሜይሉንም አያይዙለት፣ ያኔ ኤዲተሩ ራሱ አይቶ ይወስናል።