«አንድ ሰው ክፍያ ላይ አለ፤ ይጨርስ» ላለችው ባለሙያ

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ፤ ዛሬ ሳልጽፈው አላድርም። የዌብሳይታችንን ዳታቤዝ (የደንበኞች ምዝገባና ክፍያ የሚቀመጥበትን) የጠገነችልንን ባለሙያ አመስግኑልኝ።

ሥራችን በሙሉ በዌብሳይት ነው። ሰው ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ኮርሱን ይወስዳል። ከዚህ በፊት ጥገናውን የሰጠናቸው ሰዎች ግን አቃጥለውናል። ስማቸውን አልጠራም። ሰው እየተጠቀመበት ዳታቤዙን ድርግም አደረጉት። ገንዘቡ ከሂሳቡ ተቆርጦ እኛ ጋ ምዝገባው የሌለ ደንበኛ ስንት ነበር! መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም ደግሞ ሳያቆሙት ቀርተው ለአንድ ሰው ያንኑ መልእክት ሲደጋግም አደረ። ስንጠይቃቸው «ጥገና ላይ ያጋጥማል» አሉን። ባክአፕ (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) አምጡ አልን፤ ፋይሉ አለ፣ ግን አልከፈት አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረሰኝ እያመሳከርኩ አንድ በአንድ በእጄ ስመዘግብ፣ እናቴ በዚያው ሰሞን ታማ ስልኳን እንኳ በወጉ አላነሳሁላትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህችን ልጅ ያገኘናት ከዚያ በኋላ ነው። ምንም ሳትነካ በፊት ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሳ ከፍታ አሳየችኝ። «ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሪው» አለችኝ። ለደንበኞች ቀደም ብሎ እንዲነገር አደረገች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አዲስ የሚገባውን ሰው «ጥገና ላይ ነን» ወደሚል ገጽ መለሰችው። ገጹ 503 የሚባል ኮድ መስጠት አለበት አለች፤ ጎግል እሱን ሲያይ የተዘጋነው ለጊዜው መሆኑን ይረዳል። በየሰዓቱ በራሳቸው የሚነሱትን ሥራዎችም አቆመች።

አሁን ዳታቤዙን ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«አንድ ሰው ክፍያ ላይ አለ፤ ይጨርስ» አለች።

ማን እንደሆነ አናውቅም። በዚያ ሌሊት፣ እሷም ደክሟት፣ ለማታውቀው አንድ ሰው ስትል ዝም ብላ ስክሪኑን እያየች ጠበቀች። ክፍያው ገባ፣ ማረጋገጫው ወጣለት። ያኔ ነው አፕሊኬሽኑን (ዌብሳይቱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ያቆመችው፤ ዳታቤዙ የመጨረሻ ነበር። እኔ ያንን ሁለት ሳምንት አስታውሼ እንባዬ መጣ። ስንከፍት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ዳታቤዙ ይቀድማል፣ አፕሊኬሽኑ ይከተላል፣ ሰው የሚገባው እሷ ራሷ ገብታ ከሞከረችው በኋላ ነው። መሀል ላይ የሠራችውን ሁሉ ባይገባኝም ጠዋት የጠፋ ነገር አልነበረም። አንድም!

እባካችሁ፣ ዌብሳይት ያላችሁ፣ ጥገና ያሰባችሁ፣ ቀን ሳትቆርጡ በፊት እሷን አናግሯት። በእውነት እላችኋለሁ አናግሯት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። እናቴም ሰላም ብላሻለች፤ ያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው።