የላሊበላን ፎቶ የት እንሽጥ? አላሚና ሸተርስቶክ ለወሎ ፎቶ አንሺ

ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተቁሞ የተነሳ ፎቶ የማን ነው? የአንሺው ነው። ይሸጣል ወይ? ይሸጣል፤ ለምን እንደሚሸጥ ግን ይለያያል። ከላሊበላ እስከ ግሸን፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ጀማ ንጉሥ የመውሊድ በዓል ድረስ ካሜራ ይዞ ለሚዞር ሰው ሁለቱ የታወቁ የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾች፣ አላሚና ሸተርስቶክ፣ እንዴት ናቸው? ሁለቱም ሲመዘገቡ ገንዘብ አይጠይቁም። ልዩነታቸው የሚወጣው የቅርስ ፎቶ ሲጫንባቸው ነው።

ሁለቱም ፎቶ ሲጫን ስለ መብት ስለሚጠይቁ መጀመሪያ እሱን እንፍታው። አንድ የላሊበላ ፎቶ ላይ ሦስት የተለያዩ ቋጠሮዎች አሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ፈትቶ ሦስቱንም የፈታ ይመስለዋል።

አንደኛው የፎቶው የራሱ የቅጂ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 የተሻሻለው) ፎቶግራፍ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። በ2017 ያነሳችሁት እስከ 2042 የእናንተ ነው። ፎቶው በስብስብ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ ካልሆነ ግን የአንሺው ወይም የወኪሉ ስም ወይም አድራሻ እንዲኖርበት ይፈለጋል፤ ስለዚህ ስማችሁን ከፋይሉ ውስጣዊ መረጃ (ሜታዳታ) ውስጥም፣ ፌስቡክ ላይ ከምትለጥፉት ቅጂ ጥግም ጻፉ። ደሴ ውስጥ ለስቱዲዮ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ፤ የተለየ ውል ከሌለ በሥራው ላይ ያነሳውን የመሸጥ መብት የአሠሪው ነው።

ሁለተኛው ቋጠሮ ቦታው ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከ12ኛውና ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ሕንፃው ላይ የቅጂ መብት አለኝ የሚል ሰው ሊኖር አይችልም። ቁልፉ ግን በቄሱ እጅ ነው። የቅርስ ባለቤት ብዙውን ጊዜ የሚያስረው በቅጂ መብት ሳይሆን «ስትገባ በዚህ ተስማምተሃል» በሚል የመግቢያ ፈቃድ ነው። እንግሊዝ አገር ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን ደንቡን ይዞ በግቢው ውስጥ ለንግድ የሚነሳ ፎቶ ፈቃድ ያስፈልገዋል ይላል፤ ከሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ያነሳውን ግን አይከለክልም። ፓሪስ ደግሞ የኤፍል ማማ ቀን ላይ ነጻ ሆኖ ሌሊት መብራቱ ሲበራ ባለመብት ያገኛል፤ የብርሃኑ ንድፍ አዲስ ሥራ ነውና። እኛም ዘንድ አዲስ ሥራ አለ። ከቤተ ማርያም ጣሪያና ቅስት ላይ ያለው ጥንታዊ ሥዕል አንድ ነገር ነው፤ በየመጋረጃው ላይ የተሰቀለው በዘመናችን ሠዓሊ የተሳለ ሥዕል ሌላ ነው። ሁለተኛውን ብቻውን ፍሬም ሞልቶ አንስቶ መሸጥ የሰው ሥራ መሸጥ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ በር ይከፍታል፤ በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት በዓልና ሥነ ሥርዓት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። የገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የሚሉት ካህናት በዚህ በር ያልፋሉ። ከሕዝቡ ተነጥላ ግድግዳ ተደግፋ የምትጸልይ አሮጊት ፊት ለፊት ተነስታ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ብትወጣ ግን አያልፍም።

እነዚህን ሦስቱን ከያዝን የድረ ገጾቹ ጥያቄ ቀላል ነው። ገበያው ሁለት ነው። «ኮሜርሻል» የሚባለው ለማስታወቂያ፣ ለዕቃ ማሸጊያና ለድርጅት ብሮሹር ነው፤ እዚህ የሚታወቅ ሰውና የግል ንብረት ካለ የተፈረመ ሪሊዝ፣ ማለትም የሰውየው ወይም የንብረቱ ባለቤት የፈቃድ ወረቀት፣ ይጠየቃል። «ኤዲቶሪያል» የሚባለው ለጋዜጣ፣ ለመጽሔት፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሪሊዝ አይጠየቅም። የቤተ ጊዮርጊስን ሪሊዝ የሚፈርም ሰው ፍለጋ መዞር ብዙ ጊዜ ድካም ነው። ደብሩ አለ፣ ሀገረ ስብከቱ አለ፣ የቅርስ ጥበቃው አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ መሆኑም አለ። በር ላይ ያገኛችሁት ገበዝ በደግነት ቢፈርምላችሁ ያ ወረቀት ሪሊዝ አይሆንም፤ ክርክር ቢነሳ ችግር ላይ የምትጥሉት እሱን ነው። ስለዚህ ኤዲቶሪያል ነው መንገዱ፤ ውጤቱን የምንመዝነውም በዚያ ነው።

አላሚ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል። ፎቶ ከተጫነ በኋላ «በፎቶው ውስጥ ንብረት አለ ወይ? ሪሊዝስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አለ» ከዚያ «የለም» ብሎ መልሶ፣ «ለኤዲቶሪያል ብቻ ይሸጥ» የሚለውን መርጦ ማለፍ ነው። ክፍያው እንደ ሽያጩ ነው፤ በዓመት ከ250 ዶላር በታች የሸጠ ሰው 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሸጠ 40 በመቶ ይደርሰዋል። 40 ዶላር የተሸጠ አንድ ፎቶ ለመጀመሪያው 8 ዶላር፣ ለሁለተኛው 16 ዶላር ነው። ደካማ ጎኑ ገንዘቡ መዘግየቱ ነው፤ ገዢው እስኪከፍል መጠበቅ አለ፣ የተከፈለው 50 ዶላር ካልሞላም አይላክም።

ጥራት ፍተሻው ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ከአንድ ጥቅል ውስጥ አንድ ፎቶ ከወደቀ ሌሎቹንም ይዞ ይወድቃል። የላሊበላ ፎቶ የሚወድቅበት ምክንያት ደግሞ ይታወቃል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ለሥዕሉም ለጸሎቱም ነውር ነው፣ ትሪፖድ ስትዘረጉ «ለምን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አይኤስኦ 6400 ላይ ይወጣና ጥላው ውስጥ ብናኝ (ኖይዝ) ይሞላል። በሌንስ ክፍተት f/2.8፣ በሰከንድ 1/60፣ በአይኤስኦ 3200 ጀምሩ፤ በሮው ፎርማት አንሱ፤ ብናኙን በልኩ ቀንሱ፣ ከበዛ የቄሱ ጥምጥም ፕላስቲክ ይመስላል። ሁለተኛው ጠንቅ መስኮት ነው። የመስቀል ቅርጽ ካለው መስኮት የሚገባው ብርሃን ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ክር ይሠራል፤ ፎቶውን 100 በመቶ አስፍታችሁ መስኮቱን ዙሩት፣ ካለ በሶፍትዌር አጥፉት። ሦስተኛው የበጋ አቧራ ነው። ሌንስ ግቢው ውስጥ ስትቀያይሩ ሴንሰሩ ላይ ያረፈችው ነጥብ ሰማዩ ላይ ትወጣለች። ፋይሉ ሲከፈት ከ17 ሜጋባይት በላይ መሆን አለበት፤ 6 ሜጋፒክስል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ክፉኛ አትቁረጡ።

ሸተርስቶክ ሲቀበል ይፈጥናል፣ 4 ሜጋፒክስል ይበቃዋል፣ ገዢም ብዙ አለው። ዋጋው ግን አንጀት ይበላል። ድርሻው ከ15 እስከ 40 በመቶ በስድስት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ደረጃው በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ተመልሶ ከታች ይጀምራል፤ በደንበኝነት የሚያወርድ ገዢ ለአንድ ፎቶ 10 ሳንቲም ዶላር ብቻ ሊያስገኝ ይችላል። አምስት ሰዓት ተጉዞ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ገብቶ ለተነሳ ፎቶ 10 ሳንቲም! ለሸተርስቶክ የሚመቸው ሪሊዝ የማይጠይቅ ብዛት ያለው ነገር ነው፤ ጦሳ ተራራ በደመና፣ የሐይቅ ውሃ በማለዳ፣ የጤፍ ክምር፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከሩቅ። እነዚህ ኮሜርሻል ሆነው ይገባሉ። በአካውንቱ ማስተካከያ ውስጥም ፎቶዎቻችሁ ለኤአይ ማሠልጠኛ እንዳይሰጡ የምታጠፉበት ቦታ አለ፤ ፈልጋችሁ ወስኑበት።

የሸተርስቶክ ኤዲቶሪያል የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በመግለጫው ነው። ከተማ፣ አገር፣ ቀን፣ ከዚያ ምን እንደሆነ፤ «ላሊበላ፣ ኢትዮጵያ – ጃንዋሪ 7፣ 2025፦ ካህናት በገና በዓል ሲዘምሩ» በሚለው አወቃቀር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ታኅሣሥ 29 ጃንዋሪ 7 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ገና በታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ የፈረንጁ ቀን ያው 7 ነው። የግሸኗ መስከረም 21 ግን ትለያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1፣ በዚያ ዓመት ኦክቶበር 2 ትውላለች። የካሜራውን ሰዓትም እዩት፤ «ከጠዋቱ ሁለት» ብላችሁ 2 ላይ ካስተካከላችሁት ፋይሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሌሊት የተነሳ ይመስላል።

የመፈለጊያ ቃል ላይ ስስት አያስፈልግም። የቤተ ጊዮርጊስ ስም በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት ይጻፋል፣ የዩኔስኮው አጻጻፍም የራሱ ነው፤ ሁሉንም አስገቡ፣ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ጨምሩ። የዩኔስኮን የዓለም ቅርስ አርማ ግን ፎቶው ላይ ወይም ካላንደሩ ላይ አትለጥፉ፤ እሱ ያለ ፈቃድ ለንግድ አይውልም።

በሁለቱም ላይ የማይጫን ነገር አለ። ታቦትና መቅደስ አይነሳም፣ ይህን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ጀርባ ያለውን የሰው አጽም ከማንሳት በፊት ጠይቁ። መስቀልና ብራና በቅርበት ስታነሱ ካህኑ ፊቱ ቢቀየር አትገረሙ፤ አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ደርሶ ነው የተመለሰው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ሴት ስለማይገባ ሴት ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ከሐይቁ ዳር ያቅዱ።

ካላንደር፣ ፖስትካርድ ወይም የሆቴል ግድግዳ ፎቶ ለማሳተም ለሚፈልግ ግን ሁለቱም ድረ ገጽ አይጠቅሙትም፤ ደብዳቤ ነው የሚጠቅመው። ለደብሩ አስተዳዳሪ የሚጻፈው ማመልከቻ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት ቀን፣ ለምን ጥቅም፣ ስንት ቅጂ፣ ለደብሩ ምን ይሰጣል የሚለውን ቁጥር በቁጥር ይያዝ። መልሱ ወጪ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ቲተር ይኑረው፤ አንዱ ኮፒ መዝገብ ቤት ይቅር። የሚፈርመው ሰው የሚፈርመውን እንዲያውቅ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፣ የእንግሊዝኛው ቅጽ አባሪ ይሁን። ለሰው ሪሊዝም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት፣ ምስክር የሚፈርምበት ቦታ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ።

አላሚ ከአምስት አራት፣ ሸተርስቶክ ሁለት ተኩል። የቅርሱን ኤዲቶሪያል ለአላሚ፣ መልክዓ ምድሩን ለሸተርስቶክ መስጠት ይሻላል፤ አንዱን ፎቶ ለሁለቱም የምትሰጡ ከሆነ አላሚ ላይ «ኤክስክሉሲቭ» የሚለውን አትምረጡ።