ወደ ቴክኒካል ዳይቪንግ ሲሸጋገሩ ሬጉሌተር መምረጥ፦ የኤፔክስ ዲኤስቲ እና ኤክስቲኤክስ 50 ግምገማ

በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በእስራኤሏ ኤላት ዳርቻ፣ ለዓመታት በአንድ ሲሊንደር ስጠልቅ ከቆየሁ በኋላ ወደ ጥንድ ሲሊንደር ለመሸጋገር ስወስን፣ ሻጮችን ሁሉ የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ በቀላሉ የሚያስተነፍሰው የትኛው ሬጉሌተር ነው? ዛሬ ሁለት ዓመት የተጠቀምሁበትን ዕቃ ስገመግም፣ ያኔ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ ዕቃው ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግና በቅርቤ ማን ሊያድሰው እንደሚችል እንደነበር በሚገባ ገብቶኛል። ከ40 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሚደረግ የመዝናኛ ጠለቃ ችግር የገጠመው ሰው በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። በየጥልቀቱ እየቆመ መውጣት ግዴታው የሆነ ቴክኒካል ጠላቂ ግን ችግሩን እዚያው ውኃ ውስጥ ፈትቶ መጨረስ አለበት።

ሬጉሌተር የሲሊንደሩን አየር ለመተንፈስ የሚመች የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ የእኔ አንደኛ ደረጃ ዲኤስቲ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኤክስቲኤክስ 50 ነው። አንደኛው ደረጃ በሲሊንደሩ ቫልቭ ላይ ታስሮ 200 ወይም 232 ባር የሆነውን ግፊት፣ በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት በ9 ወይም በ10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መካከለኛ ግፊት ያወርደዋል፤ አፍ ውስጥ የሚያዘው ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ይህንኑ ሳንባ ወደሚቀበለው ግፊት ያደርሰዋል። አንደኛው ደረጃ የሚሠራው በፒስተን (ወዲያ ወዲህ በሚል ዘንግ) ወይም በዲያፍራም (በሚለጠጥ ስስ ሽፋን) ነው። ከፒስተኖቹ መካከል በሰፊው የሚታወቀው የስኩባፕሮ ኤምኬ 25 ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ ብዙ አየር በፍጥነት ያሳልፋል፤ ሆኖም ሞላው የሚቀመጥበት ክፍል ለባሕር ውኃ ክፍት ነው። ኤፔክስ ዲኤስቲ ግን ባለ ዲያፍራም ሲሆን ሞላው ውኃ እንዳይነካው ታሽጓል። ይህ እሽግ በዋናነት የሚጠቅመው በቀዝቃዛ ሐይቆች በረዶ እንዳይሠራ ለመከላከል ነው፤ እኛ ጋ ውኃው በክረምትም 21 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የበረዶ ስጋት የለብንም። የእኛ ጠላት ጨው ነው። በአንድ ኪሎ የባሕራችን ውኃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ጨው አለ፣ ከዳርቻ ስንገባም ማዕበሉ አሸዋ ያነሣብናል፤ ስለዚህ ምርጫዬ ወደ እሽጉ አዘነበለ። ፒስተንን የመረጠ ባልደረባ ተሳስቷል አልልም፤ ከየጠለቃው በኋላ በንጹሕ ውኃ በደንብ የማጠብ ትዕግሥት ካለው ረጅም ዘመን ያገለግለዋል።

ስለ አተነፋፈሱ ልናገር። በ40 ሜትር ላይ ያለው ግፊት 5 ባር ስለሆነ ጠላቂው የሚስበው አየር ከውኃው ወለል ላይ ካለው አምስት እጥፍ የጠነነ ነው፤ ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚፈጅ ሰው እዚያ የ100 ሊትር ያህል ይፈጃል። ዲኤስቲ ጥልቀቱ ሲጨምር መካከለኛ ግፊቱን ከውኃው ግፊት ትንሽ ፈጠን አድርጎ ስለሚያሳድግ የአየሩን መጠነን በከፊል ያካክሳል፣ እኔም ከማዕበል ጋር ታግዬ በወረድሁባቸው ቀናት አንድም ጊዜ አየር አጠረኝ ብዬ አላውቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ረገድ ጥሩ ሬጉሌተሮች እርስ በርስ ብዙም አይበላለጡም። ኢኤን 250 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ መሣሪያውን በ50 ሜትር ግፊት፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር እያስተነፈሰ ይፈትናል፤ ይህን በሰፊ ልዩነት ካለፈ መሣሪያ ሌላውን ለመብለጥ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ትንሽ ነው።

ከአተነፋፈሱ ይልቅ አስቀድሜ ስለ ብልሽቱ መጠየቅ ነበረብኝ ያልሁበትን ምክንያት ልንገር። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ አንድ ዲኤስቲ ብቻ ገዝቼ፣ በግራው ቫልቭ ላይ የመዝናኛ ዘመኔን አሮጌ ሬጉሌተር አሰርሁ። ከአንድ ሳምንት በፊት ሰርቪስ ተደርጎለት፣ ደረሰኙም በእጄ ነበር። ጠዋት ዳርቻው ላይ ዕቃችንን ስንገጥም አብሮ የሚጠልቀው ወዳጄ ለመንሳፈፍ የሚያገለግለውን የአየር ከረጢት በሚሞላው ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ የመካከለኛ ግፊት ጌጅ ሰክቶ ቫልቩን ከፈተ። መርፌው 9.5 ላይ አረፈ። ደህና ነው ብዬ ቀበቶዬን ማጥበቅ ስጀምር መርፌው ቀስ ብሎ ወደ 10 ተሳበ፤ ከዚያ ወደ 10.5፣ ከዚያ ወደ 11። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንገቴ ሥር የተንጠለጠለው ሁለተኛ ደረጃ ፉት፣ ፉት ማለት ጀመረ። ወዳጄ «መርፌው ካልቆመ አንገባም» አለኝ፤ አልገባንምም። በኋላ ሲፈታ በአንደኛው ደረጃ ውስጥ ያለው ቫልቭ የሚያርፍበት ትንሽ የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ጥፍር የጫረው የመሰለ ጭረት ነበረበት፤ ሰርቪስ ሲደረግ አልተለወጠም ነበር። ያ ጭረት በ50 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ የሚያስከትለው ከግራ በኩል የማይቆም የአየር ፍሰት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛውን ዲኤስቲ ጨመርሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መለዋወጫቸው አንድ ነው፣ የሚያድሳቸውም ሰው አንድ ነው፤ ጌጁም ዘወትር ከቦርሳዬ አይለይም። ዋጋው ከሬጉሌተሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ ለጀማሪም ከምንም በፊት እንዲገዛው እመክራለሁ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጌጁን ሰክቶ መርፌው ቆሞ መቅረቱን በዓይኑ ይይ።

ከሲሊንደሩ ጋር ያለውን አያያዝ በሚመለከት ዲን የሚባለውን፣ ተጠምዝዞ በጥርስ የሚታሰር ዓይነት መግዛት ያስፈልጋል፤ በቫልቩ ላይ በብሎን ከሚጣበቀው ዓይነት ይልቅ ኦ-ሪንጉን (አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) ውስጥ አድርጎ ስለሚይዘው፣ ሲሊንደሩ ከድንጋይ ወይም ከመርከብ ስብርባሪ ጋር ቢጋጭም ከቦታው አይነሣም። ከቀኙ አንደኛ ደረጃ የምተነፍስበት 2.1 ሜትር የሚረዝመው ቱቦና የአየር ከረጢቱ መሙያ ይወጣሉ፤ ከግራው ደግሞ በላስቲክ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መጠባበቂያና የግፊት መለኪያው። ረጅሙ በቀኝ የሆነበት ምክንያት አለው፦ ወደ ፊት የሚሄድ ጠላቂ የዋሻ ወይም የመርከብ ጣሪያ ሲነካ የግራው ቫልቭ እጀታ ወደ መዘጋት፣ የቀኙ ወደ መከፈት ይዞራል። ቱቦዎቹ የሚታሰሩበት የዲኤስቲ አንገት ስለሚዞር ቱቦዎቹን ሳይጠማዘዙ ወደ ታች ማውረድ ቀላል ነው። የሚዞር አንገት ተጨማሪ ኦ-ሪንግ ማለት ነውና የማይዞረውን የሚመርጡ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች አሉ፤ ክርክራቸው ተገቢ ነው፣ እኔ ግን የቱቦዎቹን አወራረድ አስበለጥሁ። ኤክስቲኤክስ 50 በባለሙያ እጅ ቱቦው በግራ እንዲገባ ሊገለበጥ ስለሚችል ሲሊንደሮቹን በጎንና ጎን ለሚይዝ ሰውም ይሆናል። መጠባበቂያው ላይ ያለውን የመሳቢያ ጉልበት ማስተካከያ አጥብቄ፣ የአየር ፍሰት ማንሻውንም ወደ ዝቅተኛው መልሼ እገባለሁ፤ አለበለዚያ ውኃ ሲነካው በራሱ ሊፈስ ይችላል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ከናስ የተሠሩት ሁለቱ አንደኛ ደረጃዎች ለአውሮፕላን ጉዞ ሻንጣ አይመቹም።

ለዲኮምፕሬሽን (በየጥልቀቱ እየቆሙ ለመውጣት) ሲሊንደር የሚሆነው ግን እንዲህ ውድ መሆን አያስፈልገውም። ንጹሕ ኦክስጅን የሚተነፈሰው በ6 ሜትር ላይ፣ ሰውየው ቆሞ በተረጋጋበት ሰዓት ስለሆነ ቀላል ሬጉሌተር ይበቃዋል። የማይታለፈው ንጽሕናው ነው፤ ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሚያልፍበት ዕቃ ቅባትና አቧራ እንዳይኖርበት ተፈትቶ መታጠብ፣ ለኦክስጅን የሚሆን ቅባትና ኦ-ሪንግም ሊደረግለት ይገባል። ያን አሮጌ ሬጉሌተር መቀመጫውን አስለውጬ፣ ለኦክስጅን አሳጥቤ፣ መርፌው ለሩብ ሰዓት 9.5 ላይ መቆሙን ካየሁ በኋላ ለዚህ ሥራ መደብሁት፤ አሁን ጥልቀቱ በትልቁ በተጻፈበት ሲሊንደር ላይ ታስሮ፣ ቫልቩ ተዘግቶ፣ 6 ሜትር ላይ እስክደርስ ይጠብቀኛል።