የቻትጂፒቲ ትውስታ ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ፦ የሚታየው መዝገብና የማይታየው

ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት የምጠቀምበት የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ ትምህርት ለማዘጋጀት ነው። መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማብራሪያውን በአማርኛ እንዲሰጠኝ፣ የሳይንስ ቃላቱን ግን እንዳሉ እንዲተዋቸው፣ ቀናትንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጽፍ አንድ ጊዜ ከነገርኩት በኋላ፣ ይህን ሁሉ በየንግግሩ መጀመሪያ መድገም ቀርቶልኛል። በስልክ በአማርኛ ለሚተይብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም በትውስታ ስም የሚሸጡት አሠራሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ድርጅት ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መሞከር የጀመረው የተቀመጡ ትውስታዎች ዝርዝር ሲሆን፣ ተጠቃሚው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን ማንበብና መሰረዝ ይችላል። ሁለተኛው በኤፕሪል 2025 ለከፋይ ደንበኞች የተለቀቀው ነው፤ ይህኛው የቀደሙ ንግግሮችን ሁሉ እያጣቀሰ መልሱን ለጠያቂው ያስማማል። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሳም አልትማን ያኔ የተናገረው በዕድሜያችን ሙሉ እያወቁን ስለሚሄዱ ሥርዓቶች ነበር። ነገር ግን ከንግግር ታሪክ የተወሰደው ግንዛቤ፣ በተለቀቀበት ጊዜ፣ እንደ መጀመሪያው በዝርዝር ተቀምጦ የሚታይ አልነበረም፤ እኔም ምርቱን የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

ጎን ለጎን የሞከርኩት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ረዳት ምን እንደያዘ የሚያሳይ ገጽ አልነበረውም። ስለ አንድ የቤተሰብ ሕመም ከጠየቅሁት በኋላ ጉዳዩን በትምህርት ዝግጅት መካከል ደጋግሞ ያነሣው ነበር፤ ከየትኛው ንግግር እንደወሰደውና እንዴት እንደሚጠፋ ግን ማወቅ አልቻልኩም። የሰው ሕመም የሚያህል ነገር የሚይዝ ድርጅት የያዘውን ለባለቤቱ የማሳየት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። የአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስለራሳችን የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የማረምና የማሰረዝ መብትን ያውቃል።

አዲስ ተጠቃሚዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ በቻትጂፒቲ አንድን ንግግር መሰረዝ ከእርሱ የተቀመጠውን ትውስታ አይሰርዝም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ለብቻው መሰረዝ ያስፈልጋል። እንዲቀመጥ የማይፈለግ ጉዳይ ሲኖር ጊዜያዊ ንግግር የሚለውን መክፈት ይሻላል፤ በእርሱ ውስጥ ትውስታ አይፈጠርም።

አገልግሎቱን ለመምህራን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እኔ ግን የንግግር ታሪክን የሚያጣቅሰውን አጥፍቼ የተቀመጡ ትውስታዎችን ብቻ ክፍት አድርጌያለሁ፤ ያየሁትን ያህል ለትምህርት ዝግጅት ይኸው ይበቃል።