ፈርሶ ያልጠፋው፦ ከዲያብሎ 3 ጋር ዘጠኝ ወር

ይህን የኮምፒውተር ጨዋታ የገዛሁት ጭራቅ ለመግደል ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይዞ ያቆየኝ ግን ጭራቁ አይደለም፤ በሰፈሩ አንድ ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኪዩብ ነው። ስለ ምስሉ፣ ስለ ድምፁና ስለ ታሪኩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ቢሆንም ኮምፒውተሬ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ስለዚያው፣ ካናይ ኪዩብ ስለሚባለው ነው።

ደስታዬ እንዲገባችሁ ቀድሞ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ የሚና ጨዋታ ውስጥ ረጅም ተልእኮ ጨርሼ የተሸለምኩት ሰይፍ ነበረኝ። በዚያ ዓለም ከእሱ ሌላ አልተሠራም፤ የራሱ ስምና የራሱ ታሪክ ነበረው። ሁለት ሳምንት ከተዋጋሁበት በኋላ አንድ ተራ ሰይፍ በቁጥር በለጠው። ሸክሜ ከብዶ ነበር፣ ብረትም ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ወስጄ አፈረስኩት። ያገኘሁት ሁለት ቁራጭ ብረትና ጥቂት ቆዳ ነው። ከሃያ ሰዓት ጨዋታ በኋላ እጅግ የተሻለ ሰይፍ የሚሠራበት ንድፍ በእጄ ገባ። ለመሥሪያው ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ያ ያፈረስኩት ሰይፍ ነበር። ጨዋታው ሳፈርሰው አንዲት ቃል አላስጠነቀቀኝም። በዚያው ተውኩት፤ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ከዚያ ወዲህ ምንም የማላፈርስ ሰው ሆንኩ። ዲያብሎ 3ን ስጀምርም ይህንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። እዚህ ግን ልማዱ አያዋጣም። የዕቃ ሳጥኑ አንድ ገጽ 70 ቦታ ብቻ አለው፤ ቀለበት አንድ ቦታ ሲይዝ የጦር መሣሪያ ሁለት ይወስዳል። እንግዲህ አስሉት፦ አንድ ገጽ የሚችለው 35 መሣሪያ ነው። በሦስተኛው ወር ሳጥኔ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ጭራቅ ሲሞት ከወደቀልኝ ዕቃ ይልቅ የማሳርፍበት ቦታ ያስጨንቀኝ ጀመር። ለሌላ ተጫዋች ሸጦ መገላገል ደግሞ የለም። የጨዋታው የጨረታ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ተዘግቷል፤ ልዩ ኃይል ያላቸው፣ ሌጀንደሪ የሚባሉት ብርቱካናማዎቹ ዕቃዎችም ከባለቤቱ ጋር የታሰሩ ናቸው። ዕቃው ሲወድቅ አብሮ ለነበረ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልሰጡት በቀር ለማንም አይተላለፍም። የቀረው ማስቀመጥ ወይም ማፍረስ ነው። ለመንደሩ ነጋዴ የተሸጠ ዕቃ ወዲያው መልሶ ሊገዛ ይችላል፤ በቀጥቃጩ በሄድሪግ መዶሻ ሥር የገባ ግን አይመለስም። ለልፋቱ የሚሰጣችሁ አንዲት የተረሳች ነፍስ የምትባል ጥሬ ዕቃ ናት።

ይህ ሁሉ ሲያማርረኝ ከቆየ በኋላ ነው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በሴሸሮን ፍርስራሽ ውስጥ ኪዩቡን ያገኘሁት። ኪዩቡ ጨዋታው ሲወጣ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በዝማኔ የተጨመረ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንድ ሌጀንደሪ ዕቃ ታስገባላችሁ፣ ከአምስቱ ምዕራፎች ተልእኮ የሚገኙትን አምስት ጥሬ ዕቃዎች አንድ አንድ፣ በላዩም የሞት እስትንፋስ ከሚባለው ጥሬ ዕቃ አምስት ትጨምራላችሁ። ዕቃው ይጠፋል። ልዩ ኃይሉ ግን በኪዩቡ ውስጥ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ አንድ የመሣሪያ፣ አንድ የጥሩር፣ አንድ የጌጥ ኃይል መርጣችሁ ዕቃውን ሳትለብሱ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ስትፈልጉም ያለ ክፍያ ትቀያይራላችሁ።

ያን ቀን ሳጥኔ ውስጥ ዘ ፈርነስ የሚባለው፣ በሁለት እጅ የሚያዘው ከባድ የብረት ዱላ ሁለት ነበረኝ። ይህ መሣሪያ በአለቃ ጠላቶች ላይ የምታደርሱትን ጉዳት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ መጠኑ ሲወድቅ በዕጣ ይወሰናል። የመጀመሪያው 48 ነበር፣ ሁለተኛው 41። ለወራት ሁለቱንም አቅፌ ኖርኩ። እጄ እየከበደኝ 41ዱን አስገባሁ፤ ብከስርም ደካማውን ልክሰር ብዬ ነው። ኪዩቡ ጨርሶ ኃይሉን ሲያሳየኝ የተጻፈው ቁጥር 50 ነበር።

ስህተት መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ስህተት አይደለም፤ ኪዩቡ ማንኛውንም ኃይል ሲመዘግብ በከፍተኛው መጠኑ ነው። ልጥለው የደረስኩት ዱላ ከፈረሰ በኋላ ከደህናው በለጠ። አሁን ጋሻና ቀላል ሰይፍ ይዤ እየተዋጋሁ የዚያ ከባድ ዱላ ጉልበት አብሮኝ ይዘምታል። ያ ባዶ እጄን ያስቀረኝ ሰይፍ ትዝ አለኝ። ለዓመታት ሳዝን የኖርኩት ሰይፉ ስለፈረሰ ብቻ አልነበረም፤ ከፈረሰ በኋላ የተረፈው ምንም ስላልነበረ ነው። እዚህ የተረፈ ነገር አለ።

በዚያው ሳምንት የሮያል ግራንደር ቀለበትን አስገባሁ። ይህ ቀለበት የስብስብ ጉርሻ፣ ማለትም የአንድ ስብስብ ልብሶችን አብሮ በመልበስ የሚገኘውን ተጨማሪ ኃይል፣ ለማግኘት ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱን ይቀንሳል፤ ስድስት ልብስ የሚጠይቀው በአምስት ይሞላል። የስብስብ ጉርሻው ራሱ በኪዩቡ ስለማይወጣ አረንጓዴዎቹን የስብስብ ልብሶች መልበስ ግድ ነው፤ ነፃ የወጣችው አንዲት ቦታ ታዲያ ዋጋዋ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን አልደብቅም። ኪዩቡ የሚያስቀረው ልዩ ኃይሉን ብቻ ነው፤ በዕቃው ላይ የነበረው ሌላ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከነበሩኝ ሁለት የግራንደር ቀለበቶች ያስገባሁት ጥሩ ቁጥር የነበረውን ነው። በችኮላ አደረግኩት፣ ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ ጨዋታውን ለጀመረ ሰው የምለው ይህን ነው፦ ኃይሉ ገና ያልተመዘገበ ዕቃ ከሆነ ወደ ቀጥቃጩ አይሂድ፤ ሁለት ካለም ደካማው ወደ ኪዩቡ ይግባ፣ ጠንካራው ይቆይ።

የጨዋታ ሻጭ ፊቴ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚለኝን አውቃለሁ። «የእኛ አዲሱ ጨዋታ በሺህ የሚቆጠር መሣሪያ አለው» ይለኛል። ወንድሜ፣ ሺህ መሣሪያና ሰባ ቦታ ያለው ሳጥን ከሰጠኸኝ የሸጥክልኝ ጭንቀት ነው። ስንት መሣሪያ እንዳለው አትንገረኝ፤ ሳፈርሰው ምን እንደሚቀርልኝ ንገረኝ። «ታዲያ ዲያብሎ 4ን ለምን አትገዛም?» ካለኝም መልስ አለኝ። በ2023 ሲወጣ ከሌጀንደሪ ዕቃ ላይ የሚነቀለው ኃይል ሌላ ዕቃ ላይ አንድ ጊዜ ከተተከለ ያበቃ ነበር። በ2024 ግን ቀጥቃጩ ጋ የፈረሰ ሌጀንደሪ ዕቃ ኃይሉ ለዘለቄታው በመዝገብ እንዲያዝ ተደረገ። ጥሩ ማሻሻያ ነው፣ አመሰግናለሁ። የእኔ አሮጌ ጨዋታ ግን ይህን መንገድ በ2015 ይዞታል። ከዚያም በፊት በ2011 የወጣው ስካይሪም የሚባል ጨዋታ አስማት ያለበትን ዕቃ ስታፈርሱ አስማቱን ያስተምራችኋል፤ ባለ ስም ከሆኑት ብርቅዬዎች ብዙዎቹ ግን አይፈርሱም። ያንንም አከብራለሁ፤ ሊመለስ የማይችልን ነገር ተጫዋቹ እንዳያጠፋ መከልከልም አንድ ዓይነት ደግነት ነው።

ለጥሬ ዕቃው ሲባል አምስቱን ምዕራፎች ደጋግሞ መዞር ይሰለቻል። ያም ሆኖ በግዢዬ አልጸጸትም፤ ነገ ቢጠፋብኝ ነገውኑ መልሼ እገዛዋለሁ።

ዛሬ ከሳጥኔ አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው። ሌላው ገጽ ላይ፣ ታች በቀኝ በኩል፣ 48 በመቶ የሚለው የመጀመሪያው ዘ ፈርነስ አለ። የተሻለው ኃይሉ በኪዩቡ ስላለኝ አልዋጋበትም፤ ሄድሪግ ቢያፈርሰው አንዲት የተረሳች ነፍስ ይሰጠኛል፣ እሷም አትጎድለኝም። በዚህ ጨዋታ የወደቀልኝ የመጀመሪያው ብርቱካናማ መሣሪያ እሱ ነው። ሁለት ቦታ ይይዛል። ይያዝ።