የገና ሰሞን ጀልባ በካሪቢያን፦ የትኛው ደሴት፣ የትኛው ጀልባ፣ የትኛው ሳምንት?

እማዬ በጀልባ ልንከርም ነው ስንላት የጠየቀችው ስለ ማዕበል አልነበረም። “ጀበናው የት ይቀመጣል?” ነው ያለችው። ሳቅንባት። በኋላ ግን ጥያቄዋ ከኛ ሁሉ ጥያቄ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ከሜሪላንድ ተነስተን ሁለት ጊዜ የፈረንጆቹን ገና ካሪቢያን ላይ በሸራ ጀልባ አሳልፈናል። አንዴ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች፣ አንዴ በግሬናዲንስ። ዘንድሮ ተራው የእህቴ ነው። በየማታው እየደወለች ትጠይቀኛለች። ለሷ የመለስኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

መጀመሪያ ጀልባው። ካታማራን የሚባለው፣ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ቆመው መሐላቸው ላይ ሳሎን የተሠራ ይመስላል። ሌላው የምናውቀው ዓይነት፣ ባለ አንድ አካሉ ነው። ይሄኛው ነፋስ ሲይዘው ይጋደማል። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ይወርዳል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነው ሱሪውን የሚለብሰው። ምድጃው አብሮ እንዳይጋደም ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ድስቱንም ግራና ቀኝ ብረት ቆንጥጦ ይይዘዋል። ቂጡ ክብ የሆነ ጀበና እዚያ ላይ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅትም። ካታማራን ላይ ግን ጀበናችን ቡናውን ቀድቶ ማቶቱ ላይ ቁጭ አለ።

የካታማራን ዋጋ ይወደዳል፣ እውነት ነው። የባሕር ሰዎችም ባለ አንድ አካሉን የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሲሄድ ይሻላል፣ የመንዳት ስሜቱም ሌላ ነው። ልጅና አያት ይዛችሁ ከሆነ ግን ክርክር ውስጥ አትግቡ። 45 ጫማ ገደማ የሆነ ካታማራን ብዙ ጊዜ አራት መኝታ ክፍል አለው፤ ለየክፍሉም መታጠቢያና ሽንት ቤት። ከፊት የተወጠረው መረብ ደግሞ የልጆች ግዛት ነው። እኛ ጋ እሱ ላይ ለመተኛት ወረፋ ይያዝ ነበር።

ብቻችሁን ወይስ ከሠራተኛ ጋር?

ቤርቦት የሚሉት ባዶ ጀልባ ተረክቦ ራስን ችሎ መንዳት ነው። አከራዮቹ የባሕር ልምዳችሁን በቅጽ ያስሞላሉ። ልምድ ከሌላችሁ ካፒቴን በቀን ሒሳብ ይጨመርላችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ካፒቴኑም ይተኛል፣ ይበላል። አራት ብላችሁ የቆጠራችሁት ክፍል ሦስት ሆነ ማለት ነው። እኛ ይሄን ያወቅነው ሻንጣ ይዘን ከገባን በኋላ ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ አደሩ።

ከነሠራተኛው የሚከራየው ብዙ ጊዜ ካፒቴንና ምግብ የሚሠራ ሰው አለው። በቨርጂን ደሴቶች አብዛኛዎቹ ካታማራኖች ምግቡንም መጠጡንም ነዳጁንም በአንድ ዋጋ ያጠቃልላሉ። ተለቅ ባሉት ጀልባዎች ግን ሌላ ዓይነት ውል አለ። ከኪራዩ በላይ ከ25 እስከ 35 በመቶ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለወደብ ታስይዛላችሁ፤ የተረፈው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ስታወዳድሩ የትኛው ውል እንደሆነ ሳትጠይቁ “ይሄ ይረክሳል” አትበሉ።

በገና ሳምንት ባዶ ካታማራን ከ10,000 ዶላር በላይ ያዙ። ለስምንት ሰው ከነሠራተኛውና ከነምግቡ ደግሞ 30,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ብላችሁ አስቡ። ለስምንት ሲካፈል በሰው 3,750 ይደርሳል። ቲፕ ለብቻው ነው፤ ልማዱ ከ15 እስከ 20 በመቶ። የ30,000 15 በመቶ 4,500 ዶላር ነው። ከበጀቱ ውጭ የተወው ሰው የመጨረሻው ቀን ላይ ፊቱ ይገረጣል።

የኔ ምርጫ? ገንዘቡ ካለ ከነሠራተኛው። ከሌለ ቤርቦት ከካፒቴን ጋር፣ ክፍሉን ቀድሞ ቆጥሮ። ያለ ካፒቴን የሚለውን ለኛ ቤተሰብ አላነሳውም፤ ከስምንታችን ዋና የምንችለው አምስት ነበርን።

የት?

ስለ ቦታው ከማውራቴ በፊት ስለ ነፋሱ። ወሩ ደህና ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ አልፏል። ግን በገና አካባቢ አትላንቲክ ላይ ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ይበረታና ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ይጠነክራል። የአካባቢው ሰው “የገና ነፋስ” ይለዋል። 25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለቀናት ሳያባራ ሊነፍስ ይችላል። ዕጣን ለማጨስ የሞከርን ቀን ካፒቴኑ በትህትና ከሰሉን ወሰደብን። ጀልባ ላይ ግልጽ እሳት አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም በዚያ ነፋስ ጢሱ ለኛ አይተርፍም ነበር።

በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ይሄ ነፋስ ብዙ አያስፈራም። ደሴቶቹ ሰር ፍራንሲስ ድሬክ የሚባለውን መተላለፊያ ግራና ቀኝ አጥረውታል፤ ማዕበሉን ይሰብሩታል። ከዋናዋ ደሴት ከቶርቶላ ስትነሱ የምትሄዱበትን ደሴት ከፊታችሁ ታዩታላችሁ። አብዛኛው ጉዞ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። “ደረስን ወይ?” የሚል ልጅ ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኖርማን ደሴት ላይ ዋሻዎቹ ድረስ በስኖርክል፣ ማለትም በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ፣ እየዋኛችሁ ትገባላችሁ። ቨርጂን ጎርዳ ላይ ዘ ባዝስ አለ፤ ቤት የሚያካክሉ የግራናይት ድንጋዮች ተደራርበው፣ በመሐላቸው ውሃው ጉልበት ድረስ እየመጣ፣ ከላይ በስንጥቁ ብርሃን ይወርዳል። ትንሿ ልጄ እዚያ ገብታ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያን የገባች መስሏት ነው መሰለኝ። በጠዋት ሂዱ፤ በፈረንጆቹ ክረምት ከሰሜን ማዕበል ሲመጣ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ያን ቀን መዋኘት የለም።

አኔጋዳ ለብቻዋ ናት። ሌሎቹ ተራራ ሲሆኑ እሷ ዝርግ የኮራል መሬት ናት፤ እስክትቀርቧት ድረስ አትታይም፣ መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ዛፎቹ ናቸው። ሎብስተር የሚባለው የባሕር ምግቧ የታወቀ ነው።

ችግሩ ሕዝቡ ነው። በገና ሳምንት ሁሉም እዚያ ነው። ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ ኳሶች ቶሎ ይያዛሉ። እኛ ኩፐር ደሴት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደርሰን አንድም አልቀረም ነበር። ካፒቴናችን በምን ዓይነት ፊት እንዳየን አልነግራችሁም፤ ምሳ ላይ ያዘገየነው እኛ ነን።

ግሬናዲንስ ሌላ ዓለም ነው። ከሴንት ቪንሰንት እስከ ግሬናዳ የተዘረጋ የደሴት ሰንሰለት። በደሴቶቹ መሐል ያለው መተላለፊያ ግን ለአትላንቲክ ክፍት ነው። ከቤኪያ ወደ ካንዋን ስንሄድ ባለቤቴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ከአድማሱ ሳትነቅል ዝንጅብል እያኘከች ደረሰች። ቶቤጎ ኬይስ ላይ ግን ከኤሊዎቹ ጋር ዋኝታ ወጥታ “ይሄን ብቻ ለማየት ድጋሚ እመጣለሁ” አለች። በሪፉ፣ ማለትም በኮራሉ አጥር፣ ተከልላችሁ ትቆማላችሁ፤ ከሪፉ ወዲያ ክፍት ውቅያኖስ ብቻ ነው። በትንሽ ጀልባ እየመጡ ዳቦና ሎብስተር የሚሸጡ አሉ። አንዱ ራስታ ከየት እንደመጣን ሲሰማ ሞተሩን አጠፋ። ሎብስተሩም ቀነሰልን፣ ግን የግማሽ ሰዓት ስለ ጃንሆይ ጥያቄ ከፈልንበት።

ሴንት ቪንሰንት ላይ ከገና በፊት ያሉትን ዘጠኝ ቀናት ሰው ገና ሳይነጋ ወጥቶ በየመንገዱ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። ናይን ሞርኒንግስ ይሉታል። ቀናችሁ ከገጠመ እንዳያመልጣችሁ። ደግሞ ጁላይ 2024 የመጣው ቤሪል አውሎ ነፋስ እዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ያሉትን ዩኒየን ደሴትንና ካሪያኩን ክፉኛ መቷል። እዚያ ማደር ከፈለጋችሁ ምን ሥራ እንደጀመረ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችን የማነሳው በወረቀት ምክንያት ነው። የኛ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ፓስፖርት አይዝም። አንዱ ዜጋ፣ አንዱ ግሪን ካርድ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች አክስት ደግሞ ቪዛ። ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ሌላ አገር ነው፤ ግሬናዲንስም እንዲሁ። ሴንት ቶማስና ሴንት ጆን ግን የአሜሪካ ግዛት ናቸው። ቢሆንም ወረቀታችሁን ቤት አትተዉ፤ ከሴንት ቶማስ ስትመለሱ የድንበር መኮንኖች ይፈትሻሉ። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ካለ ከትኬት በፊት ጠበቃ ያናግር። ሴንት ጆን ከግማሽ በላይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ማሆ ቤይ ላይ ኤሊ አለ፤ ውሃውም ለልጅ ይመቻል። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ግን ትንሽ ያጥራል። አራት አምስት ቀን ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የትኛው ሳምንት?

ከነሠራተኛው የሚከራዩት ጀልባዎች በዓሉን ለሁለት ይከፍሉታል። የገናው ኪራይ ዲሴምበር 26 ወይም 27 አካባቢ ያልቃል፤ የአዲስ ዓመቱ ከዚያ ይጀምራል። መሐሉን ልያዝ ማለት አይሠራም። የአዲስ ዓመቱ ብዙ ጊዜ የበለጠ ውድና ጭፈራ የበዛበት ነው፤ ልጅ ላለው የገናው ይሻላል።

ለኛ ሰው ግን ሦስተኛ ሳምንት አለ። ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ዋጋው ይወርዳል፣ ወደቡም ይተነፍሳል፤ የኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። ጾሙም ያን ቀን ይፈታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ካልጀመሩ እኔ ሌላ ሳምንት አላይም። በዲሴምበር ከሄዳችሁ ያላችሁት የነቢያት ጾም ላይ ነው። አከራዩ የምግብ ምርጫ ቅጽ ሲልክ ለሚጾሙት “ቪጋን” (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይበላ) ብላችሁ ጻፉ፤ ያንን ምግብ አብሳዩ ሁሉ ያውቀዋል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚያው ቤታችሁ ጨርሱት። ሽሮና በርበሬ ያዙ። እንጀራ ጀልባ ላይ ይሻግታል፤ ድርቆሽ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላሳፈረንም።

እህቴ በመጨረሻ ከሴንት ቶማስ የሚነሳ ካታማራን ከካፒቴን ጋር መርጣለች፤ ወረቀቱ ነው የወሰነላት። ገና ሰኔ ላይ ሆና የፈለገችው ሁለት ጀልባ ተይዞ ጠበቃት። ለገና የሚፈልግ ሰው ከዓመት በፊት ነው የሚይዘው። አሁን የያዘችው ሦስተኛው ነው፤ ግማሹን ከፍላለች። ትናንት ማታ ደውላ የጠየቀችኝ፣ ካፒቴኑ ከአራቱ ክፍል የትኛው ውስጥ እንደሚተኛ ነው።