የጎበዞቹ ትምህርት ቤት፦ ልጄን ከማዛወሬ በፊት ያየሁት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ባሕር ዳር ከትልቁ ገበያ ጀርባ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ዩኒፎርሙን ነው። ባለፈው ወር ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች ወደ ተከፈተው ትምህርት ቤት ስሄድም ዐይኔ ያረፈው የሴቶቹ ልጆች ጉርድ ላይ ነበር። ጨርቁ ጥሩ ቴትሮን ነው፣ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። የታችኛው እጥፋት ግን የአንድ ጣት ስፋት እንኳን የለውም። የሰፋው ሰው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት ስንት እንደምትረዝም አያውቅም። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የማማርረው ነገር ስላለኝ ነው።

ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሳለች። በክፍሏ 67 ተማሪዎች ነበሩ። የሒሳብ ጥያቄዋን ቀድማ ትጨርስና መምህሯ የሌሎቹን ደብተር እንድታርም ይሰጧታል፤ እሱ ሲያልቅ ከደብተሯ ጀርባ ጉማሬ ትሥላለች። መምህሯን አልወቅስም፣ 67 ልጅ ዝም ማሰኘት ራሱ ሥራ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ፈተናዋን ሳገላብጥ፣ ቤት ውስጥ ዐይኗን ጨፍና የምትሠራውን ክፍልፋይ ተሳስታ አገኘሁት። ስጫናት አመነች፤ ልጆቹ “ፕሮፌሰር” እያሉ ስለሚጠሯት ሆን ብላ ነው የተሳሳተችው።

የመግቢያውን ፈተና አለፈችና ለአንድ ሳምንት እንድትሞክረው ተፈቀደላት። እኔም ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አብሬያት ዋልሁ። ምሳው ተራ ምስር ወጥ ነው፤ መጻሕፍት ቤቱ ንጹሕ ነው። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜው ግን አስደነቀኝ። ስምንት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከብበው ሽቦ፣ ባትሪና ሁለት አምፖል ይዘዋል። አንዱ አምፖል ይበራል፣ ሁለተኛው እምቢ ብሏል። መምህሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ልጆቹ እየተጨቃጨቁ፣ እየፈቱና እየገጠሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሳሳቱ ዝም ብለው አዩ። ለተለማማጆቼ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም፤ መቀሱን እነጥቃቸዋለሁ። ደወሉ ሲደወል አምፖሉ አልበራም፣ መምህሩም መልሱን አልተናገሩም።

ሁሉም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አስመዘግባት ነበር። ዓርብ ከሰዓት ግን በበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የሳምንቱ ደረጃ ተለጠፈ፤ ከአንደኛ እስከ ሠላሳ ሁለተኛ፣ ከነስም። ለሙከራ የመጣች ልጅ ይዘላሉ ብዬ ነበር፤ አልዘለሏትም። ልጄ 23ኛ ሆናለች። ሁለተኛ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። እስከ ቤታችን ድረስ በባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም።

ርእሰ መምህሩን ሳነጋግራቸው “ወይዘሮ፣ ፉክክር እኮ ያጎብዛቸዋል” አሉኝና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሁሉ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታወሱኝ። ከእነሱ ልጆች ግን አብዛኞቹ አልፈዋል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ አልክድም። ነገር ግን እኔም ሸንቃጣ ደንበኛ ብቻ እየመረጥሁ ብሰፋ በባሕር ዳር የሚስተካከለኝ አይገኝም ነበር። ሙያ የሚታየው ትከሻው የተንጋደደውና ሆዱ የገፋው ሲመጣ ነው። በመግቢያ ፈተና ያበጠሩትን ልጅ አሳለፍን ማለት ግማሹ የማበጠሪያው ሥራ ነው።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚያስተምሩ አንድ ደንበኛዬ ካባቸውን ሊለኩ መጥተው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ከ1,500 በላይ የላቁ ልጆችን በፈተና መርጦ መከታተል ጀመረ አሉኝ። ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሌላው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ስለ ግድግዳው ወረቀት ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የኸርበርት ማርሽን ጥናት ነገሩኝ፤ በትንሽ ኩሬ ትልቅ የነበረ ዓሣ ትላልቆች መካከል ሲገባ፣ ሳያንስም ያነሰ ይመስለዋል። ለጣና ዳር ሰው ይህ ማስረዳት አያሻውም። ሌላም ምክር ሰጡኝ፦ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለ፤ የትምህርት ቤት ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ ያስገባል፤ ልጅሽን ሳታዛውሪ እሱን ሞክሪ አሉኝ። ልቤ ወደዚህ አዘንብሎ ነበር።

ባለቤቴ ትሂድ ባይ ነው። እናቴ ከዘጌ ደውላ “ልጅቷን አታስጨንቋት” ብላ ዘጋችው። እኔ ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ ልጄን ራሷን ጠየቅኋት። ስለ 23ኛነቷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

“እማዬ” አለችኝ፣ “ያ አምፖል ለምን እንዳልበራ እኮ ገና አላወቅንም።”

ሰኞ 3,000 ብር ከፍዬ አስመዘገብኋት። አዳሪነቱን እምቢ ብያለሁ፤ በዚህ ጊዜ ልጄ ማታ ማታ ከዐይኔ እንድትርቅ አልፈልግም። የዓርቡ ወረቀት ከነስም እንዳይለጠፍም ማመልከቻ ጽፌ ሌሎች አራት ወላጆችን አስፈርሜበታለሁ፤ መልስ አልመጣም። ይህን ትምህርት ቤት ለማየት የምታስቡ ወላጆች ማክሰኞ ሄዳችሁ ብቻ እንዳትወስኑ፤ ዓርብም ሂዱና የልጆቹን ፊት ከግድግዳው ሥር እዩ። እኔ ማክሰኞ ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር፤ አሁን ሰባት ሰጥቼዋለሁ፣ አምስቱ የፊዚክስ መምህሩ ናቸው።

ዩኒፎርሙን ከእነሱ ሰፊ እንድገዛ ተነግሮኝ ነበር። ያንኑ ቴትሮን ከገበያ ገዝቼ እኔው እየሰፋሁት ነው፤ ከታች አራት ጣት እጥፋት ትቼለታለሁ። ርእሰ መምህሩ ቀለሙ እስከተመሳሰለ ድረስ ግድ የለኝም ብለዋል።